ክቡር እንዴት እና የተሰበረው በር

በየቤተሰቡ የሞቀ ወሬ የሚያቀዘቅዝ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። ሥራቸው ጥብቅና ነው፤ እኛ ግን "ክቡር እንዴት" ነው የምንላቸው። "እገሌ እኮ ጉድ ሠራ!" ብላችሁ ዓይናችሁን አፍጥጣችሁ ስትነግሯቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው "እሱስ ይሁን፤ እንዴት ተገኘ?" ይላሉ። አለቀ። ወሬው ላይ ውሃ ተቸለሰበት።

እኔ ደግሞ ያለ ወሬ አልኖርም። የጎረቤት በር ሲንኳኳ ከባለቤቱ ቀድሜ በመስኮት ብቅ የምል ሰው ነኝ።

አንድ ቀን እህቴ ከሴት ልጃቸው ቦርሳ ሲጋራ አግኝታ እያወዛወዘችው መጣች።

"ቦርሳውን ማን ከፈተው?" አሉ ክቡርነታቸው።

"እኔ ነኛ! እናቷ!"

"አስፈቅደሻታል?"

"አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ?"

ሲጋራው ከክርክሩ ወጣ። ልጅቱ ልትስቅ ስትል ግን ዞር ብለው፣ "ሽታሽን ማንም አልበረበረውም። በገዛ እግሩ ሳሎን ድረስ መጥቷል" አሏት። ቅጣቷን ተቀበለች።

ቀልዱ ያበቃው በታናሽ ወንድሜ ጊዜ ነው። ከሚሠራበት መጋዘን ላፕቶፕ ጠፋ። ፖሊሶች ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የእናታችንን በር በትከሻ ገንጥለው ገቡና ዕቃውን ከወንድሜ አልጋ ሥር አወጡት። ሦስት ዓመት ተፈረደበት። እናታችን በሩ ከተጠገነ በኋላ እንኳ ወንበር ደግፋበት መተኛት ጀመረች።

ክቡር እንዴት ይግባኝ አሉ። እኔ ወጥሬ ያዝኳቸው።

"ጋሼ፣ ለመሆኑ ሰርቋል ወይስ አልሰረቀም?"

"አልጠየቅኩትም።"

"ኧረ በፈጠረዎት! እንዴት አያጓጓዎትም?"

"እኔን የሚያሳስበኝ በሩ ነው።"

ይግባኝ ሰሚው ችሎት ፊት ዐቃቤ ሕጉ ተነሳና፣ "ክቡር ፍርድ ቤት፣ በሩ ተሰበረም አልተሰበረም ላፕቶፑ ያው ላፕቶፕ ነው!" አለ። እውነት ለመናገር እኔም ሳላስበው ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ጋሼ ቀስ ብለው ቆሙ። "ላፕቶፑማ አልተለወጠም። የተለወጡት እናትየዋ ናቸው። ዛሬም በር ላይ ወንበር ደግፈው ነው የሚተኙት። ይህ ማስረጃ ተቀባይነት ካገኘ፣ ነገ የማንኛችን በር ይተርፋል?"

የመሐል ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ማስረጃው ውድቅ ሆነ። ሌላ ማስረጃ ስላልነበረ ወንድሜ በነጻ ተለቀቀ። እናቴ አለቀሰች፤ እኔም ከእሷ ብሼ አለቀስኩ።

ግን ሰርቋል? ይህች ነገር ዕረፍት ነሳችኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ሊታጠብ ሲገባ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ረሳው። እጄን ዘረጋሁ። ወዲያው "እንዴት ተገኘ?" የሚል ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አቃጨለ። ምን ዓይነት እርግማን ነው! እጄን ሰበሰብኩ። ክፍሉ እስኪገባ ጠብቄ በሩን አንኳኳሁ።

"ልግባ?"

"ግባ" አለኝ። ጠየቅኩት። ነገረኝ።

መጠየቄን ጋሼ ሰምተው ኖሮ፣ እሁድ እናታችን ቤት ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጠጋ አሉኝ። ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ "ለመሆኑ... ምን አለህ?" አሉኝ።

እሳቸው! ክቡር እንዴት! ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ነገሩ ውስጥ ውስጡን ሲበላቸው ኖሯል! እንደዚያን ቀን ወድጃቸው አላውቅም።

"ክፍሉ ውስጥ ነው ጋሼ፤ ሄደው ያንኳኩ" አልኳቸው።

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን አንስተው ትንሽ ቆሙና፣ በጣታቸው ጫፍ አንኳኩ።