ቤንዚን የማይጠጣ ብስክሌት

አዲስ ነገር መሥራት ከባድ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ለሠራው ነገር ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም ማለት ነው። እኔ ጠይቄ አውቃለሁ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ግን አትጠይቁኝ። ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሌላው ተምታቶብኛል፤ ብስክሌቱ አረንጓዴ ነበር ስል ባለቤቴ ሰማያዊ ነው ትላለች። ምናልባት እሷ ልክ ትሆናለች። የበሸቅሁት መብሸቅ ግን አልተምታታብኝም።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ፋብሪካ የመጋዘን ቁልፍ ያዥ ነበርኩ። ቤቴ በከተማው በአንዱ ጫፍ፣ ፋብሪካው በሌላው ጫፍ ነው። ቀኝ ጉልበቴ ታሞ አልታጠፍ ካለ ወዲህ መንገዱን መጨረስ አቃተኝ። ቁልፍ ያዥ ሲያረፍድ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ማርፈድ አይደለም፤ ሠራተኛው ሁሉ በር ላይ ተኮልኩሎ ይጠብቀዋል። አለቃዬ ጠሩኝና፣ ከእንግዲህ አንድ ቀን መጋዘኑ ተዘግቶ ሰው በር ላይ ቢቆም ጣርማ በር ሄደህ የበግ ጠጉር ትረከባለህ አሉኝ። ጣርማ በርን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ በጎቹ ያን ሁሉ ጠጉር ለብሰው የሚንቀጠቀጡበት አገር ነው። ለታመመ ጉልበት እዚያ መመደብ ፍርድ ነው።

የባለቤቴ ወንድም ደምሴ መካኒክ ነው። አሮጌ ብስክሌት ነበረኝ፤ ነገር ግን በማይታጠፍ ጉልበት ፔዳል እንዴት ይመታል? ደምሴ ጓሮ ገብቶ ሲቀጠቅጥ ሰነበተ። ከተጣለ የጭነት መኪና የፈታውን ዲናሞ በሰንሰለት ከኋላ ጎማው ጋር አያያዘ፤ የመኪና ባትሪ ከኋላ መጫኛው ላይ ጠፍሮ አሰረ፤ ፔዳሎቹን ነቅሎ ጣለና «ጋሼ፣ ይውጡበት» አለኝ። ማብሪያውን ስጫነው ሄደ። እውነቴን ነው፣ እስከ አጥሩ በር ድረስ ሄደ! ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ እንግዲህ ባሌ እንደ ሬዲዮ በባትሪ ሊሠራ ነው ብላ ጎረቤቱን አሳቀችብኝ።

ደምሴ ነገ ጠዋት ሥራ ይግቡበት አለ። ያለ ታርጋ? እኔ? ሰው ሳያጠፋ በሚጠየቅበት ዘመን አጥፍቼ ልጠየቅ? «ጋሼ ደግሞ፣ ጥላዎንም ያስፈቅዳሉ እንዴ!» ብሎ አላገጠብኝ። ይላግጥ። እኔ ከአለቃዬ የግማሽ ቀን ፈቃድ ለምኜ፣ ጠዋት መጋዘኑን ከፍቼ፣ ከምሳ በኋላ መልሼ ልከፍት ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ይዤ ወጣሁ። ብስክሌቱን ለሁለት እየገፋን ታርጋ ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት አመራን። መንዳት ስላልተፈቀደልኝ መግፋት ነበረብኛ!

የተሽከርካሪ መርማሪው ካኪ የለበሱ ኮስታራ ጓድ ናቸው። ብስክሌቱን ዞረው ዞረው አዩት። ፔዳል የለውም፣ ስለዚህ ብስክሌት አይደለም አሉ። ጭስ ማውጫ የለውም፣ ስለዚህ ሞተር ብስክሌትም አይደለም አሉ። ታዲያ ምንድን ነው ብለው እኔኑ ጠየቁኝ። ለማንኛውም አስነሳው አሉ። ተነሥቷል አልኳቸው። አልሰማሁም አሉ። ጓድ፣ ይሄ ድምፅ የለውም ብላቸው፣ ድምፅ የሌለው ሞተር የትም አላየሁም፣ መንገድ ላይ አውጣውና ነድተህ አሳየኝ ብለው አዘዙኝ።

ወጣሁ። እንደ ጥላ ጸጥ ብዬ ስሄድ የመንገዱ ሰው አየኝ። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ሞተሩ የጠፋበት መንገደኛ አይቶ ካልገፋ ያደረ ምግብ እንደበላ ሰው ሆዱን ሲቆርጠው ያድራል። አንዱ «ኧረ ጠፍቶባቸዋል፣ ግፉላቸው!» ብሎ ጮኸ። አትግፉኝ ብል ማን ይስማኝ? «አይዞዎት ጋሼ፣ አሁን ይነሣል!» እያሉ ከኋላ ተረባረቡብኝ። ፍሬን ብይዝ፣ ማርሽ አስገብተው ይልቀቁት እንጂ ብለው ተቆጡኝ። በላብ ተጠምቀው፣ እያለከለኩ መርማሪው ፊት አድርሰውኝ፣ አንዱ የሞተሩን ካንዴላ ያስጠርጉት ብሎ መክሮኝ ሄደ። መርማሪውም፣ እንዳየሁት በሰው ኃይል የሚሄድ ዕቃ ነው፣ ሞተር የለውም አሉ።

ደምሴ ደሙ ፈላ። ከአጥር ሥር ቁራጭ ቆርቆሮ አንሥቶ ከኋላ ጎማው ሽቦዎች ጋር እንዲጋጭ አድርጎ አሰረው። ማብሪያውን ስጫን የተነሣው ጩኸት ሕዝቡን በተነው። መርማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «አሁን ሞተር ሆነ!» ብለው ብዕራቸውን አወጡ፤ ከዚያ የነዳጅ ኩፖንህን አምጣ አሉኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። ምን ልመልስ? ኩፖን የለኝም ብል፣ ያለ ኩፖን የሚገኝ ቤንዚን ያው የጥቁር ገበያ ነው። ጩኸቱ የቆርቆሮ ነው ብል፣ መንግሥትን ላታልል ሞከርኩ ማለት ነው። ደምሴ እኔን ሊያድን ቆርቆሮውን ፈትቶ አሳያቸው። ጓድ፣ ቤንዚን አይጠጣም፣ በመብራት ነው የሚሄድ አላቸው። እሳቸው ቆርቆሮውን አገላብጠው አዩና፣ ጩኸቱን እንዲህ በዘዴ ያመጣ ሰው ቤንዚኑንም በዘዴ ይደብቃል አሉ። ወዲያው ባትሪውን ይዘው ወዘወዙት። ውስጡ ያለው አሲድ ተንቦጫረቀ።

«ይኸውልህ!» አሉ።

አሲድ ነው፣ ይሽተቱት ብላቸው ባሰባቸው። ብስክሌቱ ቤንዚኑ የተደበቀበት እስኪገኝ ታገደ። እኔ ቃሌን ስሰጥ፣ ቃሌ ሲጻፍ፣ የተጻፈው ሲነበብልኝ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ቀኑ መሸ። ሠራተኛው ከምሳ በኋላ በር ላይ ቆሞ ዋለ። ሰዓት አክባሪ ልሁን ብዬ በሕግ ስሄድ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አርፍጄ አላውቅም። ሳምንት ሳይሞላ ጣርማ በር ላይ በርኖስ ተከናንቤ የበግ ጠጉር እረከብ ነበር።

ደምሴ ብስክሌቱን ለማስለቀቅ ብዙ ደጅ ጠና። ምርመራው አላለቀም ይሉታል። እኔም ተስፋ ቆርጬ ሳለ፣ አንድ ቀን የደብረ ብርሃን ሰው የሆነ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ጉሙ እስኪገልጥለት ጣርማ በር ያለው የመኪና መንገድ ዋሻ አፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። «ጋሼ፣ ብስክሌትዎን አየኋት» አለኝ። በድንጋጤ ምን ሆነች አልኩት። ደህና ናት፣ መርማሪው ጓድ ጠዋት ማታ ቢሮ የሚመላለሱት በእሷ ነው አለኝ። እኔም፣ ሾፌሩ ከዚህ ሁሉ ይህን መጠየቄ ቢያስቀውም፣ ታርጋ አላት ወይ አልኩት። እሱም ጠይቋቸው ኖሮ፣ ምርመራ ላይ ያለ ንብረት ታርጋ አያስፈልገውም ብለውታል። ቤንዚኑን እስኪያገኙት ድረስም መንዳታቸውን እንደማያቆሙ ነግረውታል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ብስክሌቴ የሰማሁት ወሬ የለም።