ካልሲ ያጠለቀው ካሜራ

በየመሥሪያ ቤቱ ሥጋው ቢሮ ተቀምጦ ዐይኑ ቤት የሚውል አንድ አባት አይጠፋም። ለእኛ መሥሪያ ቤት የደረሱት ክቡር ጋሼ በዳዳ ናቸው። መገናኛ በሚገኘው ቢሯችን ከጎኔ የሚቀመጡ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሲሆኑ፣ መሪ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ የአንድ ሳሎን የበላይ ጠባቂ ናቸው።

ሳሎኑን የሚጠብቁት በስልካቸው ነው። ከቴሌቪዥኑ በላይ እንቁላል የምታህል ካሜራ ሰቅለዋል። “ለሌባ ነው” ይላሉ። ሌባው እስከ ዛሬ አልመጣም። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የምትመጣው፣ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጃቸው ዳርቱ ናት። እናቷ ከሥራ እስክትገባ ቤቱ የእሷና የካሜራው ነው።

ያኔ ጋሼ በዳዳ መነጽራቸውን ያስተካክላሉ። ስልኩን እንደ ጠበል በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ አፋቸው ያስጠጋሉ። ከዚያ አዋጁ ይነገራል።

“ዳርቱ! እግርሽን ከሶፋው ላይ!”

መሪ ላይ እግር ይወርዳል። ይህን ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ። አንድ ቀንማ የልጅቷን ፊት አይተው “ሽሮው ጨው በዝቶበታል” ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከወዲያ የሚመጣውን ድምፅ ግን ዘግተውታል፤ የቤታቸው ጫጫታ አለቃችን ጆሮ እንዳይገባ።

“ጋሼ፣ ልጅቷ አትሳቀቅም?” አልኳቸው።

“አንቺ ገጣሚ ነሽ፤ ገና አልወለድሽም። አባት ማለት ዐይን ነው!”

በሻይ ሰዓት ግን ስለ ራሳቸው አባት ሌላ ነገር ነገሩኝ። “ከየካ ሚካኤል በላይ ነበር ቤታችን። አባቴ ከወንዙ ማዶ ‘በዳዳ!’ ብሎ ይጠራኛል። ባሕር ዛፉ በነፋስ ይጮሃል፣ እኔ ቶሎ አልሰማም። ‘አቤት’ እስክል እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ካላልኩ አይሄድም።”

“ቆሞ ይጠብቃል” የሚለውን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። እሳቸው ወደ ስልካቸው ተመለሱ።

ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ዳርቱ ከገባች በኋላ ስክሪኑ ጠቆረ።

“መብራት ሄዶ ይሆናል” አልኩ።

“መብራት ቢሆን ይቋረጥ ነበር። ይሄ እየሠራ ነው የጠቆረው። ሰው ገብቷል! ተነሺ!”

እኔ ምን እንደምረዳ ሳላውቅ ተነሣሁ። በታክሲ ከነፍን። ሃምሳ ሰባት ዓመታቸውን ተሸክመው አራተኛ ፎቅ ከእኔ ቀድመው ደረሱ።

ዳርቱ ሶፋው ላይ ናት፤ እግሯም ሶፋው ላይ። አንዱ እግሯ ባዶ ነው። ካልሲው ካሜራው ላይ ተጠልቋል።

“ምንድን ነው ይሄ?” አሉ፣ እያለከለኩ።

“አትሰማኝማ።”

“መቼ ጠራሽኝና ነው ያልሰማሁሽ?”

“ሁሌ እመልስልሃለሁ እኮ፣ አባዬ። ስትጠራኝ የዋልኩትን በሙሉ ነው የምነግርህ። ትናንት ያ የምፈራው የንባብ ተራ ደረሰኝ፣ ክፍሉ ፊት ቆሜ አነበብኩ፣ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም አልኩህ። አንተ ‘እግርሽን’ አልከኝ።”

ጋሼ በዳዳ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፁ ከመቼ ጀምሮ እንደተዘጋ ሁለታችንም እናውቃለን። ካሜራው ከተሰቀለ ጀምሮ፣ ስምንት ወር ሙሉ፣ ልጅቷ ስታወራ የኖረችው ለግድግዳ ነው።

ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ፣ እኔ የዐይን ምስክር ነኝ፣ ሁለቱንም እግራቸውን ሶፋው ላይ አወጡ።

“እስቲ ለእኔ አንብቢልኝ” አሉ።

አነበበች። ድምጿ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ማናችንም አልነገርናትም።

አሁን ጋሼ በዳዳ የጆሮ ማዳመጫ አላቸው። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን አንድ ጆሯቸው ላይ ይሰኩና “ዳርቱ!” ይላሉ። ከዚያ ምንም አይናገሩም፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ። አንዳንዴ ብቻቸውን ይስቃሉ። አለቃችን በዚያ በኩል ሲያልፍ እኔን ሳል ይይዘኛል፤ ሦስት ወር ያልለቀቀኝ ሳል።

ካልሲው ካሜራው አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። “ይቀመጥ፣ የእሷ ነው” ብለዋል።

ባለፈው ሐሙስ ስክሪኑ እንደገና ጠቆረ። ጋሼ በዳዳ ኮታቸውን አነሡ።

“ሌባ ነው እንዴ፣ ጋሼ?”

“የለም” አሉ፣ አንድ እጃቸውን እጅጌው ውስጥ እየከተቱ። “ተጠራሁ።”