ምስጋና ሊማሩ የመጡ ልጆች

ሰው ለትምህርት ባሕር ተሻግሮ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ሕክምና ይሁን፣ ምሕንድስና ይሁን፣ ይገባኛል። ምስጋና ለመማር እኛ መንደር ጫኖ ድረስ መምጣት ግን እስከ ዛሬ ግራ እንዳጋባኝ ነው። እዚያ አገር የሚያመሰግኑበት ነገር አለቀ እንዴ?

እኔ የአንድ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ማንበብ የቻልኩትም እዚያው ነው፤ ሰሌዳ ላይ ያለውን ሳላነብ አላጠፋም። በዚህ ዓይነት ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ ፈተና ብቻ አልተቀመጥኩም። ዘንድሮ የምትቀመጠው ልጄ ምሕረት ናት።

ፈተናው ጥቂት ሳምንት ሲቀረው አሥራ ሁለት የፈረንጅ ጎረምሶችና ኮረዶች መጡ። መሪያቸው ሴትዮ በአስተርጓሚ እንደነገረችን፣ ልጆቹ ሁሉ ሞልቶላቸው ማመስገን ስለጠፋባቸው የእኛን ጉድለት አይተው ይማሩ ተብሎ ነው። ጉድለታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጠቀመ! አጨበጨብን፤ ሙዝና ማንጎ ቀረበ።

ቅዳሜ ስምንተኛ ክፍልን ነጭ ቀለም ቀቡት። ምን ይወጣለታል! ጥግ አልቀረ፣ ስንጥቅ አልቀረ። ሰሌዳውም አልቀረ። እኛ ዘንድ ሰሌዳ የሚባለው ሲሚንቶው ላይ የጠቆረው ቦታ አይደል? ጥፋቱ የኔም ነው፤ እንግዳ ይመጣል ብዬ የጠመኔ ምልክት እስኪጠፋ አጥቤው ነበር። እነሱ ጭስ ያጠቆረው መስሏቸው፣ አዝነውለት፣ ሦስቴ ደረቡበት።

ምሕረት አይታ «እማዬ፣ በምን ልንከልስ ነው?» ብላ ዘጭ አለች። መጽሐፉ ለአምስት ልጅ አንድ ነው፤ ክለሳው ሁሉ ከሰሌዳ ነው። ርዕሰ መምህሩን «ሰሌዳ መሆኑን ንገራቸው» ስለው፣ «እንግዳ አይሸማቀቅም፣ ዞር ሲሉ እናጠቁረዋለን» አለኝ።

እሑድ አባያ ሐይቅን ሊያዩ ሲሄዱልን ከሰል ወቅጠን፣ ከዱባ ቅጠል ጋር አሽተን ግድግዳውን ተያያዝነው። ግማሽ ላይ ስንደርስ ዞር ብል አሥራ ሁለቱም በር ላይ ቆመዋል። ለካ መንገዱ ጭቃ ሆኖባቸው ተመልሰዋል። አንዷ ልጅ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ርዕሰ መምህሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? ባህላችን ነው አላቸው! እንግዳ የሠራልንን በእጃችን አጥቁረን እናመሰግናለን አለ። አስተርጓሚውም ሳያፍር ተረጎመው። ጋሞ ተወልጄ ጋሞ ላይ ጸጉሬ ሲሸብት እንዲህ ያለ ባህል ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ራሴን ነቀነቅኩ። ልጅቷ ተጠምጥማ አቀፈችኝ። ሸሚዟ በከሰል ሲለቀለቅ፣ አላጥበውም አለች አሉ።

ከመሄዳቸው በፊት እነሱም በተራቸው አመሰገኑን። ባህላችንን አክብረው የሰባተኛ ክፍልን አራት ግድግዳ ጥቁር አድርገውልን ሄዱ። በከሰል እንዳይመስላችሁ፤ ከከተማ በመጣ ደህና የሰሌዳ ቀለም!

አሁን ስምንተኞቹ ወደዚያ ተዛውረዋል። መምህሩ አንዱን ሳያጠፋ ሌላው ላይ ይጽፋል፤ ምሕረት የዓመቱን ሒሳብ እየተሽከረከረች ትከልሳለች። ትናንት የዞረ አንገቷን እያሸች «እማዬ፣ እግዜር ይስጣቸው» አለችኝ። እኔም የማነበውም የማጠፋውም አራት እጥፍ ሆኖብኝ፣ ወገቤን ይዤ፣ ማን ማንን ምስጋና እንዳስተማረ እንደተምታታብኝ፣ «አሜን» አልኩ።