እትዬ ሙሉዬና የገብስ ዱቄቱ

ሐኪም የሌለው መንደር ይኖራል፤ ሳይጠየቁ መድኃኒት የሚያዝዙ ጎረቤት የሌሉት መንደር ግን ከላሊበላ እስከ ሙጃ ቢፈለግ አይገኝም። በሙጃ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት እትዬ ሙሉዬ ናቸው። ለወገብ ሕመም ያዝዛሉ፤ ለበግ ሳል ያዝዛሉ፤ አንድ ጊዜም አልነሳ ላለ ሞተር ብስክሌት ፌጦ አዘዋል። ማዘዣቸው ሁልጊዜ «እኔ ልንገርሽ!» ብሎ ይጀምራል።

የጤና ተማሪው ምሥጋናው ለዕረፍት እህቱ እየሩስ ቤት ሲመጣ፣ መጻሕፍቱን ተሸክሞ ድምፁን ኮሌጅ ትቶ የመጣ ይመስል ነበር። የእየሩስ ልጅ ሣራ ገና ዓመት አልሞላትም፤ ጉንጯና የክርኗ እጥፋት በችፌ ቀልቶ፣ ባከከችው ቁጥር ይደማል።

አንድ ጠዋት እትዬ ሙሉዬ ቅል ሙሉ የገብስ ዱቄት ይዘው ገቡ።

«እኔ ልንገርሽ እየሩስ! በሙቅ ውሃ ፍትግ አድርገሽ እጠቢያትና ይህን በጥብጠሽ ቀቢያት።»

ምሥጋናው ከመጽሐፉ ቀና አለ። ያነበበውን ያውቃል፤ ግን በትክክል ተረድቶት ይሆን? ገጹን በልቡ ሁለት ጊዜ ገለጠ። የእትዬ እጅ ወደ ቅሉ ገባ።

«አይሆንም፣ እትዬ!» አለ። ከሁሉም ይልቅ የደነገጠው ራሱ ነበር።

«አይሆንም? ማን አባቱ ነው ያለው?»

«ቆዳዋ... እንደ ፈረሰ አጥር ነው። በአፍ የበላነውን ሰውነታችን ይለምደዋል፤ በተሰነጠቀ ቆዳ የገባውን ግን እንደ ጠላት ሊይዘው ይችላል። ኋላ ገብስ ሲወቃ በብናኙ ደረቷ ሊታፈን... ምናልባት። በለብታ ውሃ ሳትፈተግ ትታጠብ፤ ወዲያው ቫዝሊን ትቀባ። ጤና ጣቢያም ትታይ።»

«ምናልባት!» አሉና ቅላቸውን አንሥተው ወጡ።

ሣራ ታከመች፤ መቅላቷም እየበረደ ሄደ። እትዬ ግን በየጠዋቱ በራፍ ላይ ቆመው ጉንጯን ትክ ብለው ያዩና፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ይመለሳሉ። የእሳቸው ዝምታ ምሥጋናውን እንቅልፍ ነሣው። በሳምንቱ ይቅርታ ሊጠይቃቸው ወፍጮ ቤት ድረስ ፈልጓቸው ሄደ። ድምፃቸው ከወፍጮው በላይ ይሰማ ነበር።

«እኔ ልንገራችሁ! ቆዳ ማለት አጥር ነው! በፈረሰ አጥር ላይ ዱቄት የምትቀባ እናት ኋላ የልጇን ደረት ታሳፍናለች!»

ከወረፋው መካከል አንዲት እናት ያዘለችውን ልጅ የቀላ ጉንጭ እየዳሰሰች፣ «ቫዝሊን ነው ያሉኝ፣ እትዬ?» አለች። ምሥጋናው በዓመት የማያናግራቸውን ሴቶች እሳቸው በአንድ የወፍጮ ወረፋ አዳርሰዋቸዋል።

እትዬ አዩት። «አንተ! ና እስቲ፤ ያ መጽሐፍህ ይህን ነገር ያውቀዋል?»

«ያውቀዋል፣ እትዬ» አለ ዝቅ ብሎ። «እንደ እርስዎ ጮክ ብሎ ግን አይናገርም።»