የፕሪም ደቦ

በአገራችን ሰው ለሰው ያለውን ክብር ማወቅ የሚፈልግ የባለቤቱን ንግግር አይስማ፤ ማንኪያውን ይመልከት። ሻይ ተቀድቶላችሁ ስኳሩ አንድ ማንኪያ ላይ ከቆመ ወይ ቤቱ ተቸግሯል፣ ወይ ተቀይመዋችኋል። ሁለት ከተጨመረላችሁ ጎረቤት ናችሁ። ሦስት ከሆነ ዘመድ። አራተኛውን ቆለል አድርገው እያማሰሉ «ኧረ ምኑ ተነካና!» ካሏችሁ ግን ጠርጥሩ፤ ነገ «ዋስ ሁነን» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ዋስ ልሁን ብል እንኳ የሚቀበለኝ የለም። ቢሆንም አሰላ ውስጥ ከአራት ማንኪያ በታች የተጨመረልኝ ቤት አላስታውስም። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ስመጣ ጠጉሬ ጥቁር ነበር። ያኔ «የጭላሎ ብርድ ያለ ስኳር አይቻልም» ብለው ያስለመዱኝ ስኳር እስከ ዛሬ አለ፤ የሄደው ጠጉሩ ነው።

እንግዲህ «ያለ ስኳር» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ቅጣት ነበር። ነበር ያልኩት በምክንያት ነው፤ ታገሱኝ።

ሐጂ አማን የሚባሉ ጎረቤት አሉኝ። የሚለየን አጥር ብቻ ነው፤ አጥሩም ቢሆን በልጆች መመላለሻ ተበስቶ በር ከሆነ ቆይቷል። ሐጂ በደህናው ጊዜ ከአቦምሳ እስከ ኦጎልቾ በእህል ንግድ የታወቁ፣ ድምፃቸው ከገበያው ጫፍ የሚሰማ፣ «ቤት ያፈራውን» ብለው ሰው ጎትተው የሚያስገቡ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ታዲያ በግራ እግራቸው ላይ ጫማ የላጣት አንዲት ቁስል አልድን ብላ ከረመችና አንድ ጣታቸውን ይዛ ሄደች። ሐኪሙ ቃል አላስረዘመም። «ሐጂ፣ ስኳርዎን ካልተቆጣጠሩ የሚቀጥለው እግርዎ ነው» አላቸው።

እሳቸውን የጎዳቸው ግን የጣቱ መቆረጥ እንዳይመስላችሁ። የጎዳቸው ሲኒዋ ናት። እንግዳ ሲመጣ በትሪው ላይ ስኳር ያልነካት አንዲት ሲኒ ለብቻዋ ተለይታ ትቀርባለች። «እሷን እንዳታነሱ፣ የሐጂ ናት» ይባላል። ሁሉም ያያታል፤ ከዚያ ሁሉም ሐጂን ያያል፤ ከዚያ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እኔም አይቻለሁ፤ በዚያ ላይ ከንፈሬን መጥጫለሁ። አርሲ ላይ ደግሞ በአንድ ትሪ ከብቦ መብላት ሃይማኖት ሊሆን ምንም አልቀረው። እኛ ክርስቲያኖቹና እነሱ ሥጋ ላይ እንለያይ እንደሆነ እንጂ በተረፈው ነገር ሁሉ እጃችን አንድ ሳህን ውስጥ ነው ያረጀው። ሐጂ ከዚያ ሳህን ወጡ። ሰርግ ቀሩ፤ ለቅሶም ቢሆን ደርሰው ሳይቀመጡ ይመለሱ ጀመር። ሰው ፊት ያልቀመሱትን ደግሞ ብቻቸውን ሲሆኑ ይክሱታል፤ ልጃቸው ኮታቸውን ልታጥብ ኪሱን ስታራግፍ የከረሜላ ወረቀት እንደ በቆሎ ቅርፊት ይረግፍ ነበር።

ልጅቱ ሹክሪያ ትባላለች። ተማሪዬ ነበረች። ኦስትሪያን ካርታ ላይ አሳዪ ስላት አውስትራሊያ ላይ ጣቷን ያሳረፈች ልጅ፣ አድጋ የምግብ ሳይንስ ተማረችና ለስድስት ወር ሥልጠና የሄደችው የት መሰላችሁ? ኦስትሪያ። ሥራዋም ፍሬ መቀቀል ነበር። እዚያ አገር ክረምቱ በረዶ ስለሆነ በበጋ ያፈሩትን ሁሉ በአፈ ሰፊ ጠርሙስ ይከትታሉ አሉ፤ ግማሹን ማርማላታ፣ ግማሹን ኮምፖት ያደርጉታል። ኮምፖት ማለት ፍሬውን በስኳር ውሃ ቀቅሎ፣ ፍሬውንም ውሃውንም አብሮ ማቅረብ ነው። የድሮው አሠራር አንድ ኪሎ ፍሬ በአንድ ኪሎ ስኳር ነው ስትለኝ «እነዚህ ሰዎች እንግዳ ያከብራሉ ማለት ነው» አልኳት። ሳቀች። እሷ የሄደችው ያንን ስኳር መቀነስ ልትማር ኖሯል።

ተመልሳ እንደመጣች በኮክ ጀመረች። ስኳሩን በግማሽ፣ ኋላም በሩብ አወረደችው፤ በምትኩ ቀረፋ፣ ሁለት ቅርንፉድ፣ ትንሽ የሎሚ ልጣጭ። እኔ ቀምሼዋለሁ፤ አልዋሽም፣ ሽታው ቤት ያሞቃል። ለአባቷ በብርጭቆ አቀረበችላቸው። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ከአራት ማንኪያ ሻዬ ጋር።

«ይሄ ለማነው?» አሉ ሐጂ።

«ለእርስዎ ነው አባ፤ ስኳሩን ቀንሼ ነው።»

«ለኔ ብቻ?»

ሐጂ ብርጭቆውን በጣታቸው ገፋ አደረጉና «ወላሂ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ግን ሰው ሁሉ የሚጠጣው ስትሠሪ ጥሪኝ» አሉ። ልጅቱ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። ያቺ እግር ልትሄድ መሆኑን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሻዬ ግን አልቀረም፤ ጠጣሁት።

ሐጂ ጓሮ ራሳቸው የተከሏቸው ሦስት የፕሪም ዛፎች አሉ። ፍሬው ቆዳው ሲነከስ ዓይን ያስጨፍናል፤ ልጆች ይወራወሩበታል፣ የቀረውን በግ ይረግጠዋል። ዘንድሮ ሹክሪያ ማንም እንዳይነካው ብላ ከለከለች። ቀላ፤ አትንኩ አለች። ጠቆረ፤ አትንኩ አለች። ቆዳው ፍሬው በተንጠለጠለበት ጫፍ በኩል እንደ ሽማግሌ ግንባር ተጨማደደ፤ አሁንም አትንኩ አለች። ሰፈሩ ልጅቷ ከሄደችበት አገር ስስት ይዛ መጣች ብሎ ያማት ጀመር። ኋላ ነው የነገረችን። እዚያ አንዲት አሮጊት ገበሬ አንድ ማርማላታ አሳይተዋታል፤ ፖቪድል ይሉታል። ስኳር የለው፣ ማር የለው፣ ፕሪም ብቻ። ስኳር የጌቶች በነበረበት ዘመን ድሃ የሠራው ነገር ነው። ዘዴውም አጭር ነው፤ ዛፉ ላይ እስኪጨማደድ ትጠብቂዋለሽ፣ ከዚያ በዝግታ እሳት ከጠዋት እስከ ማታ ታማስይዋለሽ። አንድ አፍታ እጅሽን ካነሳሽ ያራል።

«ታዲያ ማን ነው ቀኑን ሙሉ የሚያማስለው?» አልኳት።

«ደቦ እጠራለኋ ቲቸር!»

እህል ለማጨድ ደቦ አውቃለሁ፤ ቤት ለመምረግም አውቃለሁ። ማርማላታ ለማማሰል ደቦ ሲጠራ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ ግቢውን ሞላው። ፍሬው ከነቆዳው ተሰነጠቀ፣ ዘሩ ወጣ፣ በትልቁ ጎላ ተሞልቶ እሳት ላይ ተጣደ። ሴቱም ወንዱም ተራ እየያዘ ያን ረጅም ማማሰያ ያዞራል። ሐጂም ዱካቸውን አስመጥተው ከጎላው አጠገብ ተቀመጡና «ተራዬን ማንም አይዘልም» አሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል እንጂ የዚያን ቀኑ እንቁላል እግር ሊያወጣ አልቻለም፤ እስከ ቀትር ድረስ ጎላው ውስጥ ያለው ቀይ ውሃ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልግባ። እኔ ወደዚያ ደቦ ስሄድ የካፖርቴ ኪስ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ነበር። ለክፋት አይደለም። ያ ሁሉ ሰው ዓይን የሚያስጨፍን ነገር ቀምሶ «ይሄን ለማብላት ነው የጠራችን?» ሲል፣ ልጅቷ በሰው ፊት ስታፍር ታየኝ። ሐጂንስ? ለሳቸው ስኳሩን ከመጨመሬ በፊት አንድ ኩባያ እቀዳላቸዋለሁ ብዬ ነበር። አዎ፣ ያው ሲኒዋን እኔም ለየሁላቸው። ብልህ ነኝ ባይ ሰው ሲሳሳት በደንብ ነው የሚሳሳተው።

አሥር ሰዓት ገደማ ሹክሪያ ጠርሙሶቹን ልታመጣ ወደ ቤት ገባች። ሌላው ሰው ዛፉ ሥር ወሬ ይዟል። ተራው የእኔ ነበር። በግራ እጄ እያማሰልኩ በቀኜ ወረቀቱን አወጣሁና ፈታሁት። ቀና ስል ሐጂ ያዩኛል።

አልጮሁም። «ቅመስና ጨምር» አሉኝ ብቻ።

ከማማሰያው ጫፍ በማንኪያ ቆንጥሬ፣ እፍ ብዬ ቀመስኩ። ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ! መጀመሪያ ጭስ ጭስ አለኝ። ቀጥሎ ጎምዘዝ አለና ምላሴን ያዘው። ከዚያ ያ ጎምዛዛ ነገር ሸሸት ብሎ ከሥሩ ጣፋጭ ወጣ፤ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ጉሮሮ ላይ የሚቆይ ጣፋጭ። ማንም ያልጨመረው! ፋብሪካ አልሠራው፣ ነጋዴ አላመጣው፤ እዚያው ጓሮ በግ ሲረግጠው የኖረው ፍሬ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። እኛ ነን ለመጠበቅ ትዕግሥት ያጣነው። ፈጣሪዬን በስሙ ጠራሁት፤ ዓይኔም እንባ አቀረረ፤ ጭሱ ነው ብዬ ጠረግሁት። ወረቀቱን መልሼ ጠቀለልኩና ኪሴ ከተትኩ።

ሐጂ ይሄን ጊዜ ከኮታቸው ኪስ እጃቸውን አውጥተው መዳፋቸውን ከፈቱልኝ። አምስት ከረሜላ።

«እኔም ልጨምር ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጄ ሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ። ቀምሼው ተውኩት። ያ ረቢ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ለበግ ስሰጠው!»

ሁለታችንም ጎላውን አፍጥጠን አየን። እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ ቀስ ብሎ ይፈነዳል። ማማሰያው ያለፈበት መንገድ ተከፍቶ ይቆይና ይዘጋል።

ከመምሸቱ በፊት ባለቤቴ ታደለች የጋገረችው ዳቦ ተቆርሶ በአንድ ሰፊ ትሪ ቀረበ። ሹክሪያ ማንኪያዋን ይዛ ቆመችና ሕግ አወጣች። «ስኳር አልገባበትም ማለት ስኳር የለውም ማለት አይደለም፤ የፍሬው የራሱ አለው። ለሁሉም ሰው አንድ አንድ ማንኪያ።» ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ብሎ የሚያጉረመርም አልጠፋም፤ አንደኛው እኔ ነኝ። ዞረች፤ ለትልቁም ለትንሹም አንድ ማንኪያ። አባቷ ጋ ስትደርስም አንድ ማንኪያ። ሐጂ ቁራሻቸውን አዩ፣ የእኔን አዩ፣ የታደለችን አዩ። ልዩነት ፈልገው አጡ። ከዚያ ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዓመት በኋላ ሐጂ አማን ከሰው እኩል በሉ። ድምፃቸውም ተመልሶ ያን ግቢ ሞላው፤ ለካ ናፍቆን ኖሯል።

ከተበላ ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ሹክሪያ እንደ ወትሮዋ የስኳር መለኪያዋን ይዛ አባቷ አጠገብ ተንበረከከች። ሐጂ ዛሬ ጀግነዋል። ጣታቸውን ሰበሰቡና «ለኔ ብቻ? ማርማላታውን ሁሉም በልቷል፤ ሁሉም ይወጋ!» አሉ። ሳቅ ሆነ። ደቦ ነውና እሺ ተባለ። ሹክሪያ መርፌውን ለየሰው እየቀየረች ወጋች፤ የታደለች ደህና ነው፣ የሌሎቹም ደህና ነው፤ የሐጂ ትንሽ ከፍ ብሎ ከወትሮው ግን የተሻለ። መጨረሻ ላይ እኔ ጣቴን እየቀለድኩ ሰጠኋት። ማሽኑን አየችው። እንደገና ወጋችኝና እንደገና አየችው። ሳቋ ጠፋ።

«ቲቸር… ከአባም በላይ ነው። ነገ ቁርስ ሳይበሉ ሆስፒታል ይሂዱ።»

የምጠጣው ውሃ ብዛት፣ ሌሊት ስንቴ እንደምነሳ፣ መነጽሬን ስንቴ እንዳስቀየርኩ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ፈራሁ። ሰዎቹ አዩኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት አዩ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ሳደርገው ከርሜያለሁ። ታደለች አንገቷን ደፍታ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለች፤ እጄን ግን አጥብቃ ያዘች።

ሐጂ ግን መሬት አላዩም። ሹክሪያ እንደነገረችኝ የሐኪም ቀጠሯቸውን አልሄድም ብለው ሁለት ጊዜ አስቀርተዋል፤ ለብቻ ወረፋ ላይ መቀመጥ ያሳፍራል ብለው። አሁን ፊታቸው እየበራ ከአግዳሚው ላይ ጠጋ አሉልኝ። በሰው ሕመም እንዲህ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ልቀየማቸውም አልቻልኩም።

«ኮቱ! ና መምህር፣ አጠገቤ ተቀመጥ» አሉኝ ኦሮምኛውን ቀላቅለው። «ጠዋት አብረን ነው የምንሄደው። ቀድሜ እመጣና አንኳኳልሃለሁ።»