ቤት ፍለጋ ከእትዬ አሚና ጋር

ራሱ ቤት ሳይገዛ አገሩን ሁሉ ቤት የሚያስገዛ ሰው በየከተማው አይጠፋም። እስቴ ውስጥ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ይህን ሹመት የያዙት ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ አሚና ናቸው። ባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም ሊገዛ ያሰበ የእስቴ ሰው ሁሉ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት እሳቸውን ይዞ ይሄዳል። ደላላ ዋጋ ሊናገር አፉን ሲከፍት እጃቸውን ያነሳሉ።

«ዋጋው ይቆየኝ፤ ጎረቤቱ ማነው?»

ከዚያ መኝታ ቤቱን በጨረፍታ አይተው የጎረቤት በር ያንኳኳሉ። አንድ መምህር ልቡ የወደደውን ቤት ያስጣሉት የላይኛው ፎቅ ሰው ሰላምታ ሳይመልስ ስላለፈ ብቻ ነው። «ሰላም የነፈገህ ሰው እሳት ቢነሳ ውሃ ያቀብልሃል?» አሉት። መምህሩ ሌላ ሰፈር በውድ ገዛ፤ እስካሁንም ይመርቃቸዋል።

አምና ግን ቤት ፈላጊዋ ጎረቤታቸው ሐረገ ወይን ሆኑ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ አጥር ተዋስነው ልጅ ያሳደጉ፣ ሁዳዴና ረመዳን ሲገጥሙ አብረው የጾሙ ናቸው። የሐረገ ወይን ባል ሞቱ፤ ጉልበታቸውም ታመመ። ባሕር ዳር ነርስ የሆነችው ልጃቸው ኤልሳቤጥ ከባንክ ተበድራ እናቷን አጠገቧ ልታመጣ ተነሳች። «እትዬ አሚና፣ ያለ እርስዎ አንገዛም» ብላ ደወለች።

ሐይቁ አጠገብ ያለውን አዩ። «ትንኝ!» አሉ እትዬ አሚና። አባይ ማዶ ዋጋው ቀለል ያለ ተገኘ። «ከቤተ ክርስቲያን ይርቃል፤ በዚህ ጉልበቷ እንዴት አድርጋ ታስቀድስ?» ገበያ አጠገብ ያለው ደግሞ ይጮኻል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውንማ ደረጃው ሥር ቆመው ጣሉት። «ብርበሬ የት ልታሰጣ ነው? ለቅሶ ቢመጣስ ድንኳኑ የት ይተከላል?»

ደላላው ንጋቱ ላቡን እየጠረገ፣ «እማማ፣ እርስዎ የሚፈልጉትን ቤት መሐንዲስ ገና አልነደፈውም» አላቸው።

በመጨረሻ ደረጃ የሌለው፣ ግራውንድ ላይ ያለ ቤት ተገኘ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ፣ ክሊኒኩ ማዶ፣ ጓሮው ፀሐይ የሞላበት፤ ዋጋውም ከኤልሳቤጥ ብድር አይዘልም። እትዬ አሚና ቧንቧውን ከፈቱ፤ ውሃ ወረደ። ዘግተው ደግመው ከፈቱ፤ አሁንም ወረደ። ሰበብ ቢያጡ ተናደዱ።

«ሰፈሩ ደስ አላለኝም» አሉ።

«ምኑ?» አለች ኤልሳቤጥ።

«እንዲሁ።»

ሐረገ ወይን መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሹ ነበር። «አሚ» አሉ ቀስ ብለው፣ «መለየቱን እኔስ መች ወድጄው? ግን ባለፈው ክረምት ስወድቅ ማንሳት አቅቶሽ፣ መንገደኛ እስኪመጣ አብረሽኝ ጭቃው ላይ መቀመጥሽን ረሳሽው?»

እትዬ አሚና አልረሱትም። ያን ቀን የሐረገ ወይንን ጭንቅላት ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ ዝናቡ እየወረደባቸው፣ ሰው ያለህ እያሉ ሲጮሁ ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። ነጠላቸውን አጣፉና ወደ ቤቱ ሻጭ ዞሩ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተከራክረው፣ ሰውዬው እስኪሰለቸው ድረስ አስቀነሱት። ኤልሳቤጥ በደስታ ስታቅፋቸው ግን ፊታቸው አልፈካም። ወጥተው የፊት ለፊቱን በር አንኳኩ።

ልጅ ያዘለች ወጣት ከፈተች። እጇን ይዘው ወደ ሐረገ ወይን ወሰዷት።

«ይቺ እህቴ ናት። ጠዋት በሯ ካልተከፈተ አንኳኪ። ጨው ቢያልቅባት መጠየቅ ታፍራለች፤ አንቺ ጠይቂያት። ሲያማት ደህና ነኝ ትላለች፤ እንዳታምኛት።»

«እሺ እማማ።»

«እሺ አይበቃኝም።» የልጅቱን ማተብ አዩ። «በማርያም በይ!»

ሐረገ ወይን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሸፈኑ።

«በማርያም» አለች ልጅቱ።

እጇን የለቀቁት ያን ጊዜ ነው።