አራት ክንድ በአስካለ ክንድ

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል በሕልሜ ቤቴን ለአራት ተሸክመን ቡፌ ፍለጋ ስንሄድ አየሁ። በዚያ አገር ቡፌ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ተሸክመው የሚያስለኩት ቤቱን ነው። አናጢው ጋሽ ሸዋንግዛው ከፊት ሆኖ «ወደ ግራ አዘንብሉት፣ መስኮቱን እንዳትሰብሩ» ይላል። ሰፈርተኛው ሁሉ ቤቱን በትከሻው ይዞ ሜዳው ላይ ተሰልፏል። አንድ ፎቅ ተራ ሊያልፍ ሲል ጎጆዎቹ ገፍተው አስወጡት።

ሜዳው መሀል ቡፌው እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሏል።

«ስንት ነህ?» አለኝ።

«አራት ክንድ።»

«በማን ክንድ?»

«በባለቤቴ። ግድግዳውን የለካችው አስካለ ናት።»

«እኮ አምጣት።»

«ከሞተች ዛሬ አርባ ቀኗ ነው።»

«አርባ ቀን ሙሉ ታዲያ ምን ትሠራ ነበር? ሂድ አምጣት።»

ቤቱን አስቀምጬ ሮጥኩ። ድንኳን ውስጥ ሙታን ተደርድረው ተቀምጠው የሚገባውን ሁሉ «እግዜር ያጽናህ» ይላሉ። አስካለ መሀላቸው ሆና ንፍሮ ትቆረጥማለች።

«ተነሺ፣ ክንድሽ ይፈለጋል» አልኳት።

«ነግሬህ አልነበር? ጆሮህ የት ሄዶ ነው?»

«አራት አልሽኝ፣ አራት አልኩት።»

«አይ አንተ ሰውዬ» ብላ ንፍሮውን አስይዛኝ ተከተለችኝ።

ክርኗን ከመስኮቱ ጥግ አስጠግታ ግድግዳውን መለካት ጀመረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። በሕመሟ ጊዜ ስትለካ ሦስተኛው ላይ ደክሟት አርፋ ነበር። «እነዚህ ብርጭቆዎች ከካርቶን ሳይወጡ እንዳይቀሩ» ያለችኝም ያኔ ነው። ቡፌውን ለአርባዋ ቦታው ላይ አቆመዋለሁ ብዬ ለራሴ የማልኩት ቀብሯ ላይ ነው። አሁን ግን አላረፈችም። አራተኛው ላይ ጣቷ የበሩን መቃን ነካ።

«እዚህ ድረስ ነው። ከዚህ ካለፈ...»

በሩ ተንኳኳ። ነቃሁ።

«ታምሩ፣ ክፈት እንጂ። የአርባው እንግዶች መጡ» አለ ጋሽ ሸዋንግዛው።

በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ትንሽ ገርበብ ብሎ ቆመ። ትናንት ተሸካሚዎቹ ጋሽ ሸዋንግዛው የሠራውን አዲስ ቡፌ ቤቱ መሀል ትተውት ሲሄዱ፣ በሩን ዘግቼ ብቻዬን እየገፋሁ ከግድግዳው አስጠግቼው ነበር። ጫፉ ስንዝር ያህል በሩን መጋረዱን ልብ አላልኩም።

«አራት ክንድ አላልከኝም?» ብሎ ጋሽ ሸዋንግዛው ክንዱን በክፍተቱ አሾልኮ አሳየኝ። ዘነዘና ነው የሚያክለው። የአስካለ ክንድ ከእሱ በሦስት ጣት ያህል ያጥር ነበር።

«በል ወደ ኋላ ግፋው። በኋላ እቆርጠዋለሁ።»

«አይነካም። ብርጭቆዎቿን ደርድሬበታለሁ።»

«ቄሱስ በየት ይግቡ?»

መስኮቱን ከፈትኩና ከሥሩ ወንበር አስጠጋሁ። በመጀመሪያ የገባው የቄሱ ጥምጣም ነበር።